ደሙን የቀደመችው

በሥራ ቦታዋ ሰው ሁሉ አፍታ ብሎ ነው የሚጠራት። ስሟ ግን አይደለም። ሰው በጠራት፣ ስልክ በጮኸ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር «አንድ አፍታ! አንድ አፍታ ብቻ!» ስለምትል ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ላይዋ ላይ ቀረ። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት የደመወዝ ክፍሉና እናቷ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እናቷም ቢሆኑ ካልተናደዱ በቀር አይጠሩበትም።

ችኮላዋ የጀመረው ሳትወለድ ነው። በሰባተኛው ወር መጣች። «ቤቱ ሳይጠረግ፣ ጨርቁ ሳይታጠብ፣ ማን ነይ ብሏት እንደሆነ እንጃ» ይላሉ እናቷ፣ ነገሩ ትናንት የሆነ ይመስል ዛሬም ተቀይመው። አውቶቡስ መጠበቅ አይሆንላትም፤ ከመቆም ብላ ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግሯ ትነሳለች፣ ከሁለቱ ፌርማታዎች መሀል ስትደርስ አውቶቡሱ አጠገቧን አልፎ ይሄዳል። ድስት ከጣደች ደግሞ በስሏል አልበሰለም እያለች ክዳኑን ስለምትከፋፍት እሷ ቤት ምሳ የሚደርሰው ከጎረቤት ሁሉ ዘግይቶ ነው። ባሏ ላግባሽ ሲላት ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው እሺ ያለችው። «ልላት የነበረው ሌላ ነገር ቢሆንስ?» እያለ ሰው በተሰበሰበበት ያሾፍባታል።

እናቷ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲሏት መልሷ ዝግጁ ነው።

«ብለቅምም ካላፈሰሰችው ቀድሜ ነው የምጨርሰው።»

እንዲህ ያለች ሰው የራጅ ባለሙያ ሆና ሲቲ ስካን ማሽን ላይ መመደቧ ለሆስፒታሉ ሲሳይ ነበር። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፤ ኮሪደሩ ሳሙናና እንፋሎት ይሸታል። ማሽኑ ሙቀት ስለማይወድ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል፣ አፍታም ከነጭ ጋዋኗ ሥር ሹራብ ትለብሳለች። ከወፍራሙ መስታወት ወዲህ እሷ ከኮምፒውተሯና ከማይክሮፎኗ ጋር፤ ከመስታወቱ ወዲያ ትልቁ ቀለበትና በመሀሉ የሚገባ የሚወጣው አልጋ። አሮጌው ማሽን ተነቅሎ አዲሱ የገባ ዕለት ከሁሉም በላይ የፈነደቀችው እሷ ነበረች። አዲሱ ሰውን ከደረቱ እስከ እግር ጣቱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያነሳዋል። እንደ እንዝርት እየሾረች የኮሪደሩን ወረፋ ቀን ሳይጋመስ ታራግፈዋለች። ሕመምተኛውም ይወዳታል፤ ቶሎ የሚያሰናብት ሰው ማን ይጠላል?

አባቷ የተፈጠሩት ከሌላ ጭቃ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ፤ ከግቢ ግቢ እየዞሩ፣ ክዳን እያነሱ፣ ጎንበስ ብለው ቁጥር እያዩ ከተማውን በእግራቸው የጨረሱ ሰው። የትኛው ግቢ ውሻው፣ የትኛው ግቢ ደግሞ ባለቤቱ እንደሚናከስ ያውቃሉ። «ይህቺን ባት ስንቱ ውሻ ቀምሷታል! አንድም የጨረሳት የለም» ይላሉ ቀኝ እግራቸውን መታ መታ እያደረጉ። በሕይወታቸው ሮጠው አያውቁም፤ ውሻ ሲያባርራቸውም ቆመው ነበር የሚጠብቁት ይባላል።

በእረፍት ቀኗ ወደ ባንክ ወይም ወደ ፋርማሲ የምትወስዳቸው አፍታ ናት። መውሰድ ከተባለ። እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፤ እሷ መንገዱን ከተሻገረች በኋላ ዞር ብላ «አባባ፣ ና እንጂ!» ትላለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እሳቸው አዲስ ልማድ አወጡ፤ ሱቅ ፊት መቆም። መጀመሪያ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ነበር፤ ይህ የድሮ ሥራቸው ነው ተባለ። ቀጥሎ የመነጽር ቤት ሆነ። አንድ ቀን ግን የሙሽራ ቀሚስ የተሰቀለበት መስኮት ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዳንቴሉን ክር በክር ሲመረምሩ ከማዶ አየቻቸው።

«አባባ! ልታገባ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ፣ እናትሽ ትሰማለች!» ብለው እየሳቁ መጡ።

ቤት ውስጥ ትልቅ ጨዋታ ሆነ። አባባ በስተርጅና ዕቃ ማየት ጀመረ ተባለ። እናቷ ሳይቀሩ «ያያል እንጂ አይገዛም፤ ድሮም እንዲሁ ነው» ብለው ሳቁ። ያ ሳቅ ኋላ እንዴት እንደሚመርራት አፍታ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

አንድ ቀን ጠዋት እናቷ ደወሉ። «አባትሽ ካልሲውን አያወልቅም» አሉ።

«እና ይልበሰዋ!»

«እግሩን ከአልጋ አንጠልጥሎ ነው የሚተኛው። ካልሲው ደግሞ መሽተት ጀምሯል።»

አፍታ ስልኩን ሳትዘጋው ከቤት ወጣች። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ይላሉ። ጎንበስ ብላ ካልሲውን ስትስበው ክው አለች። ከቀኝ እግራቸው አውራ ጣት አጠገብ ያሉት ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል፣ በመሀላቸው ቁስል አለ፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ግራውን ነካችው፤ ሞቃት ነው። እንደገና ቀኙን ነካች። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

ቀዶ ሐኪሙ ነገር የማያስረዝም ሰው ነበር። የቀኝ እግራቸውን ትርታ በጣቱ ፈለገ፣ አጣው። ከዚያም ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«አባቴ፣ አልዋሽዎትም። ወደዚህ እግር ደም የሚያወርደው ቧንቧ ጭንዎ ላይ ተደፍኗል። ከሆድ እስከ እግር ጣት ያለውን ሁሉ የሚያሳይ ሥዕል ይነሱልኝ። ከጉልበት በታች ደህና የሆነ ቧንቧ ካገኘሁ ከላይ መንገድ ሠርቼ እገጥምልዎታለሁ። አንድ ይበቃኛል። ከሌለ ግን ከጉልበት በላይ መቁረጥ ነው፤ ቁስሉ ወደ ላይ ሲወጣ ቆሜ አላይም።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ከተገኘ» አሉ፣ የተባለውን ለማጥናት ያህል።

ሥዕሉን ሌላ ባለሙያ ሊያነሳ ይችል ነበር። አፍታ ግን ማን ይነካዋል ብላ ራሷ ያዘችው። ሥዕሎቹን የምታነበው ዶክተር መመሪያ ልትሰጣት ወደ ምድር ቤት ወረደች። ይህቺ ዶክተር በዕድሜ ከአፍታ ታንሳለች፤ ስትናገር ግን በአንድ ቃሏና በሚቀጥለው መሀል ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

«ልባቸው... ደካማ ነው። በአልትራሳውንድ እንዳየሁት ደግሞ አኦርታቸው ሆዳቸው ላይ ሰፍቷል። ስለዚህ ደሙ...»

«ይዘገያል» አለች አፍታ ከአፏ ነጥቃ።

«ይዘገያል። አልጋውን በዝግታ አስኪጂው። ከጉልበት በታች ደግሞ... ሁለተኛ ዙር ይኑረው። የመጀመሪያው ያመለጠውን...»

«ሁለተኛው ይይዘዋል። እሺ፣ እሺ ዶክተር፣ ገባኝ።»

ደግሞም ገብቷት ነበር። ይህን ምርመራ ስንቴ ሠርታዋለች። ቀለም የሚሉት መድኃኒት በክንድ ይገባል፤ ቀለም ይባል እንጂ መልኩ የጠራ ውሃ ነው፣ ነጭ ሆኖ የሚታየው ለማሽኑ ብቻ ነው። ከክንድ ወደ ልብ፣ ከልብ አኦርታ ወደሚሉት ትልቁ የደም ቧንቧ፣ ከአኦርታ በሁለት ተከፍሎ ወደ ጭን፣ ወደ ጉልበት፣ ወደ እግር ይወርዳል። አልጋው ከቀለሙ ጋር እኩል መሄድ አለበት። ቀለሙን ጥሎት ከሄደ የታችኛው ቧንቧ ባዶ ሆኖ ይነሳል፤ ባዶውን ከተደፈነው ደግሞ ሥዕሉ አይለይም።

አባቷን አስተኛቻቸው። ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አደረገች፣ መርፌውን አገናኘች፣ ጉልበታቸውን በቀበቶ አሰረች፣ ሁለቱን እግሮቻቸውን በፕላስተር አያያዘች።

«አሁን ቀለሙ ሲገባ ሰውነትዎን ሙቀት ይወርሰዋል። ሽንት ያመለጠዎት ይመስልዎታል፤ አይደንግጡ፣ አያመልጥዎትም።»

አባቷ ቀና ለማለት ሞከሩ። «ማነው እሱ እርስዎ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው አባባ።»

«እኔም ደግሞ ሌላ ሰው ገባ ብዬ!»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ተቋረጠ። እግራቸው ተዘርግቶ ሲቆይ ያቃጥላቸው ነበር፤ ሲንጠለጠል ብቻ ነው የሚታገሳቸው። አፍታ ከመስታወቱ ወዲህ ተመልሳ ስትቀመጥ በማይክሮፎኑ ሲያቃስቱ ሰማቻቸው። ውሻ ሲነክሳቸው እንኳ አቃስተው የማያውቁ ሰው ናቸው። የአልጋውን ፍጥነት እንደተባለችው ዝቅ አድርጋው ነበር። እጇ ግን ሄደና መልሶ ከፍ አደረገው፤ ቶሎ ይገላገል ብላ።

ቁልፉን ተጫነች። ማያው ላይ አኦርታው ላይ ባስቀመጠችው ትንሽ ክብ ውስጥ የቀለሙን መድረስ የሚለካው ቁጥር ቀስ እያለ ወጣ፤ እየተንፏቀቀ ሄዶ ከተወሰነለት ሲደርስ አልጋው ተነሳና በአንድ ትንፋሽ ከሆድ እስከ እግር ጨረሰ። ለሁለተኛው ዙር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ።

«ልጄ!» አሉ አባቷ። «ልጄ፣ እግሬን አውርጂልኝ!»

ማቆሚያውን ተጭና ወደ ውስጥ ሮጠች። «በቃ አባባ፣ በቃ፣ አለቀ» እያለች ፕላስተሩን ላጠችው። እግራቸውን ከአልጋው ጫፍ አውርደው እፎይ ሲሉ ያደረገችው ነገር ሁሉ ትክክል መሰላት።

ዶክተሯ ሌላ ሕመምተኛ ይዟት ስለነበር ሥዕሉን ቀድሞ የከፈተው ቀዶ ሐኪሙ ነው። አፍታ ከኋላው ቆማ አየች። አኦርታው ሆድ ላይ ሰፍቶ፣ ከዚያ ሁለት ነጭ መንገድ ሆኖ ወረደ፤ የቀኙ ጭን ላይ ተቋረጠ፣ በትናንሽ ቅርንጫፎች ዞሮ ጉልበት ደረሰ። ከጉልበት በታች አጥንት ብቻ። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ላይ ወደ ታች አመላለሰው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የምገጥምበት የለም። አዝናለሁ። ነገ ጠዋት አስገባቸዋለሁ» አላት።

ለአባቷም ነገራቸው። እሳቸው ቀኝ እግራቸውን ቁልቁል አዩ። ከዚያም ሚስታቸው ማልቀስ ሲጀምሩ «ተይ እንጂ አንቺ» አሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እኔ በአንዱ ከእንቁላል ላንስ ነው?» ማንም አልሳቀም። ራሳቸውም አልሳቁም።

አፍታ መቀመጥ አልሆነላትም። ኮሪደሩን ወጣችው ወረደችው። ሊፍት ጠርታ ሳይመጣ በደረጃ ወጣች፣ ላይ ስትደርስ ለምን እንደወጣች ጠፋት፣ ተመልሳ ወረደች። ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆማ ማሽኖቹ አንሶላ ሲያሽከረክሩ አየች፤ ጥላው ሄደች። ባሏ ሲደውል «አንድ አፍታ» አለችና ዘጋችው፣ መልሳም አልደወለችም። የአባቷ እግር ሊቆረጥ ነው። ያንን ሁሉ ግቢ የዞረው እግር። የምታስበው ይህን ብቻ ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም።

ዶክተሯ ስታስጠራት ሥዕሉ ፊቷ ተከፍቶ ነበር።

«ተቀመጪ እስቲ... ግራ እግራቸውን ያማቸዋል?»

«ግራው? ግራው ደህና ነው።»

«ይሞቃል?»

«ይሞቃል። ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ዶክተሯ ብዕሯን ማያው ላይ አሳረፈች። «ታዲያ እዚህ... ግራውም ከጉልበት በታች ምንም የለውም። ደህና እግር እንዴት ያለ ደም ይሞቃል? ደግሞ ሁለቱም የጠፉት እኩል ቦታ ላይ ነው። በሽታ እንዲህ በማስመሪያ አይቆርጥም።» ብዕሯን አስቀምጣ ወደ አፍታ ዞረች። «ደሙን ቀድመሽዋል። ሁለተኛውን ዙር ፈልጌ አጣሁት። ሳይመዘገብ ቀርቶ ነው ወይስ...»

«አላነሳሁትም። አቋረጥኩት። ፍጥነቱንም የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ይህን አንድ ጊዜ ችኮላዋ በጃት፤ ፍርሃት ሳይደርስባት መለሰች። ፍርሃቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። ጭኗ ላይ ያለውን እጇን አየችው፤ ያው ፍጥነቱን የጨመረው እጅ ነበር።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ሳይሻላት አይቀርም ነበር። እዚያው ሆና ለቀዶ ሐኪሙ ደወለች። እሱም ሲሰማ «እኔም ግራውን ማየት ነበረብኝ» አለ። እንደገና ይነሱ ተባለ፤ ግን ወዲያው አይሆንም። የአባቷ ኩላሊት ደከም ያለ ስለነበር የመጀመሪያው ቀለም ከሰውነታቸው እስኪወጣ በጉሉኮስ እየታገዙ ቀናት መቆየት ነበረባቸው። «እጠብቃለሁ» አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ «ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ከጣቶቹ ካለፈ ግን አንድ ሰዓት አልጨምርም።»

እንግዲህ አፍታ መጠበቅ ሊኖርባት ነው።

መጀመሪያ ለአባቷ ልትነግራቸው ሄደች። እግራቸውን አንጠልጥለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቆማ ነገረቻቸው፣ ሁሉንም፣ ሳትተነፍስ። ይገባቸዋል ብላ አላሰበችም፤ ወዲያው ነው የገባቸው።

«ማጠራቀሚያው ሲከፈት ጫፍ ያሉት ቤቶች ውሃ የሚያገኙት ቆይተው ነው» አሉ። «ውሃው ሳይደርስ ሄጄ ቆጣሪው አይዞርም ብዬ ብጽፍ፣ ቧንቧው ተደፍኗል ማለት ነው?»

«አይደለም» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ደግሞ ቀድመሽኝ መሄድ ዛሬ ጀመርሽ?»

ይህን ያሉት እንደ ቀልድ ነው። እሷ ግን ዓይናቸውን አየችና ከቀልዱ በታች ሌላ ነገር እንዳለ ገባት። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«መንገድ ላይ ዕቃ የማየው ዕቃው አምሮኝ መስሎሻል» አሉ አባቷ። «ባቴን ይይዘኝ ነበር። ጭምቅ አድርጎ። ቆም ስል ይለቀኛል፣ ትንሽ ስሄድ ይመለሳል። መንገድ መሀል ተገትሮ መቆም ደግሞ ያሳፍራል። ሱቅ ፊት ከሆነ ሰው ምንም አይልም።»

«የሙሽራው ቀሚስ...»

«እዚያ ጋ ነበር የባሰብኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም አባባ? ሥራዬ እኮ ይሄው ነው! ሲራመድ ባቱን ይይዘዋል፣ ሲቆም ይተወዋል የሚል ማዘዣ በየሳምንቱ ነው የሚመጣልኝ!»

አባቷ ትከሻዋን ያዝ አደረጉ። «ልነግርሽ ቀና ስል ማዶ ተሻግረሻል» አሉ።

ቂም አልነበረበትም። ቂም ቢኖርበት በቀለላት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ለምን እንደሚዘገይ ጠይቃ አታውቅም ነበር፤ መዘግየት ስንፍና ይመስላት ነበር። ያን ቀን፣ በዚያ አልጋ ጫፍ ላይ፣ በራሷ አፈረች።

የመጠበቁ ቀናት ግን አመሏን አልቀየሩትም፤ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም። በየሥራው መሀል ደረጃውን ትወጣና ግንባራቸውን ትዳብሳለች፣ ጣቶቻቸውን ትገልጣለች፣ የጉሉኮሱን ጠብታ ታያለች። ከበር ወጥታ ትመለሳለች። አንዴ ሞቋል ትላለች፣ አንዴ ጥቁረቱ ወደ ላይ ወጥቷል ትላለች። እናቷ ነገሩን ሲሰሙ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ አላነሱም። የግንባሩ ነገር ግን አንገሸገሻቸው።

«በመዳበስ ልታሞቂው ነው እንዴ! አባትሽ ድስት አይደለም፣ ክዳኑን አትክፈቺው!»

ተረኛዋ ነርስ ሳቀች። አባቷም ሳቁ። አፍታ እጇን ከግንባራቸው አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ እዚያም አላርፍ አላት።

ትኩሳት አልመጣም። ኩላሊታቸው ፈቀደ። በሁለተኛው ምርመራ ዕለት አፍታ ለባልደረባዋ ልትለቅ ወስና ነበር፤ እንቢ ያሉት አባቷ ናቸው። «እሷው ታንሳኝ» አሉ። «መንገዱን አሁን አውቃዋለች።» ዶክተሯ ከአፍታ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በዝግታዋ ስታናድዳት የኖረችው ሴት አጠገቧ በመሆኗ አፍታ ደስ ሲላት ለራሷም ገረማት።

ፍጥነቱን ዝቅ አደረገች። ሁለተኛውን ዙር ከጉልበት እስከ ጣት አስቀመጠች። ቁልፉን ተጭና እጆቿን ከጭኗ ሥር ቀበረቻቸው፣ ተቀመጠችባቸው። ቁጥሩ ተንፏቀቀ። አልጋው እያዘገመ፣ አሮጌውን ማሽን እያስታወሳት፣ ወደ ታች ሄደ። የመጀመሪያው ዙር አለቀና ቆጠራው ጀመረ። አባቷ ማቃሰት ጀመሩ።

«ልጄ...»

እጆቿ ሊወጡ ታገሉ። ወደ ማይክሮፎኑ አጎነበሰች።

«አባባ፣ እግርህን ሳታንቀሳቅስ ግቢዎቹን ንገረኝ። ከድልድዩ ጀምረህ።»

«የምን ግቢ?»

«ቆጣሪ የምታነብባቸውን። ቀስ ብለህ። እኔ ከኋላህ ነኝ።»

ድምፃቸው እየተቆራረጠ መጣ። «ከድልድዩ ቀጥሎ... የጥርስ ሐኪሙ ግቢ። ጥቁር ውሻ አለው፣ ጅራቱ የተቆረጠ። ከእሱ ቀጥሎ የባልቴቷ፤ ቆጣሪው ጽጌረዳው ሥር ነው፣ እሾህ አለበት። ከዚያ አናጢው... አናጢው ሁልጊዜ ይጨቃጨቃል፣ ይህን ያህል ውሃ አልጠጣሁም ይላል...» እግራቸው ፕላስተሩ ውስጥ ጸጥ ብሏል። አፍታ ከግቢ ግቢ ተከተለቻቸው። ውሻውን ሲያልፉ አለፈች፣ ጽጌረዳው ጋ ጎንበስ ሲሉ ጠበቀች። አባቷን እንዲህ ተከትላ ሄዳ አታውቅም። ከአናጢው ግቢ ሳይወጡ አልጋው ለሁለተኛው ዙር ተነሳ፣ እየተሳበ ሄደና ቆመ።

ሥዕሉ መጣ። በግራ እግር ከጉልበት በታች ሦስት ነጭ መስመሮች ደምቀው ወረዱ። በቀኙ ጉልበት አካባቢ ጨለማ ነው። ዶክተሯ ቀስ ብላ ወደ ታች ወሰደችው፤ አፍታም ፍጠኚ አላላትም። ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ቀጭን ክር ጀመረ። ጠፋ ሲባል እየታየ፣ ባቱን ይዞ፣ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ እግሩ ውስጥ ገባ።

«አንድ» አለች ዶክተሯ።

አፍታ እጆቿን ከጭኗ ሥር አወጣችና እግራቸውን ልታወርድላቸው ወደ ውስጥ ገባች።

ቀዶ ሐኪሙ ከግራ ጭናቸው የደም ሥር ወስዶ ለቀኙ መንገድ ሠራለት። ሁለቱ ጥቁር ጣቶች ተቆረጡ፤ እግሩ ቀረ። አባቷ ለጠየቃቸው ሁሉ «ውሻ ያልጨረሳት ባቴ አለች፣ ሁለት ጣት ምን ያጎድልብኛል» እያሉ ይመልሳሉ። ቤት ከገቡ በኋላም እንዲራመዱ ታዘዙ፤ በየቀኑ፣ ትንሽ በትንሽ እየጨመሩ።

ሥዕሉን ባዩ በሦስተኛው ወር አባትና ልጅ ያንኑ የድሮውን መንገድ ወጡ። አባቷ ከዘራ ይዘዋል። አፍታ ከጎናቸው ናት፣ እርምጃዋን እየጎተተች፤ እግሯ በየመሀሉ ሊያመልጣት ይላል፣ ትመልሰዋለች። የቧንቧ ዕቃ መሸጫውን አለፉት። መነጽር ቤቱንም አለፉት፤ አባቷ ዞር ብለውም አላዩት፤ ስለ አናጢው ጭቅጭቅ እያወሩ ነበር። የሙሽራው ቀሚስ መስኮት ጋ ሲደርሱም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ቀጥ ብለው አለፉ።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጎናቸው ባዶ መሆኑን አወቁ። ዞሩ። አፍታ መስኮቱ ፊት ቆማለች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆነሽ ቆምሽ?» አሉ።

«ዕቃ እያየሁ ነው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

አባቷ ሌላ አልጠየቁም። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና ጠበቋት።